የምስል መብት ምንድን ነው? ፎቶው የማነው፣ ፊቱስ?

ታናሽ እህቴ ከተመረቀች ስድስት ወር ገደማ ሆኗት ነበር። የታክሲ ሰልፍ ይዛ ቀና ስትል ራሷን አየች። ጋዋን ለብሳ፣ ቆቧን አጥልቃ፣ በሙሉ ጥርሷ እየሳቀች፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በር በላይ በተሰቀለ ትልቅ ባነር ላይ። ከጎኗ በቀይ ፊደል «የምርቃት ፎቶ በቅናሽ» ይላል። ደውላ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ማታ አባታችን ሲሰማ ግን ሳቁ ቆመ። «ማን ፈቀደለት?» አለ።

በነጋታው አብሬያት ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ወንበር ሰጠን፤ ሻይ ልዘዝ አለ። ቅሬታችን ግን ጨርሶ አልገባውም። «ያነሳኋት እኔ፣ መብራቱን ያስተካከልኩት እኔ፣ ኤዲት ያደረግኩት እኔ። ፎቶው የኔ ነው» ይላል። እህቴ ደግሞ «ፊቱስ የማነው?» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ሩብ ሰዓት ሄደ። ለካ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አንድ የሰው ፎቶ ላይ ሁለት መብት ተደራርቦ ይቀመጣል። አንዱ የቅጂ መብት ነው። እሱ የሚጠብቀው ሥራውን ነው፤ ማዕዘኑን የመረጠውን፣ ብርሃኑን ያየውን፣ ቁልፉን የተጫነውን ሰው ድካም። ሌላው የምስል መብት ነው። እሱ ደግሞ የሚጠብቀው ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ነው። አንዱን የያዘ ሌላውንም ያዘ ማለት አይደለም። ቤቱ የአከራይ ነው፤ ቢሆንም አከራይ ሳያንኳኳ አይገባም። እንደዚያ በሉት።

የምስል መብት የፌስቡክና የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኛ ሕግ ግን የያዘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27ን በቀላል አማርኛ ሳስቀምጠው፣ የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም። ልብ በሉ፣ «አይነሳም» አይልም። አንቀጹ የሚያየው ካሜራው ከተጫነ በኋላ ያለውን ነው። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። እህቴ ፎቶ ልትነሳ ወዳ፣ ከፍላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው የሄደችው። የፈቀደችው ግን ለአልበም ነው። ለአልበም ፈቀድኩ ማለት ለባነር ፈቀድኩ ማለት አይደለም።

ፈቃድ የማይጠየቅበትም ጊዜ አለ። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ይዘረዝረዋል። ሰውየው ዝነኛ ከሆነ፣ የሕዝብ ሥልጣን ላይ ያለ ከሆነ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ክንውን ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ ላይጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ ጃን ሜዳ ላይ አንስቶ ጋዜጣ ላይ ያወጣ ሰው እያንዳንዱን ምዕመን ማስፈረም የለበትም። ግን ከዚያው ሕዝብ መሀል አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ ቆርጦ አውጥቶ የቅባት ማስታወቂያ ላይ ቢለጥፋትስ? በኔ እምነት ያኔ የአደባባዩ ምክንያት አብሮት አይሄድም። ለሕዝብ የሚጠቅመው በዓሉ ነው፤ ቅባቱ አይደለም።

መብቱ ቢጣስስ? አንቀጽ 29 መጀመሪያ የሚሰጠው ማስቆምን ነው፤ አውርድ፣ መሸጥህን ተው ማለትን። ፍርድ ቤት ደግሞ ሰውየው ከፎቶው ያገኘውን ጥቅም ያህል እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። የሞራል ካሳም አለ። እሱን የሚከፍለው ግን አውርድ ተብሎ ወዲያው ያላወረደ ሰው ነው። ስለዚህ ከክስ በፊት መጠየቅ ያዋጣል፤ ቢቻል በጽሑፍ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ቀንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል።

ወደ ፎቶ አንሺው ወገን እንምጣ። እዚህ ጋ ነው እኔም የተገረምኩት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ያነሳው ሰው የሥራው አመንጪ ነው። ነገር ግን ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከተሠራ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። አስቡት። የሰርግ ካሜራ ማን፣ የልደት ፎቶ አንሺ፣ የምርቃት ስቱዲዮ፣ ሁሉም በትእዛዝ ነው የሚሠራው። ውል ላይ ካልጻፉ በቀር የማባዛትና የመሸጥ መብቱ የሙሽሮቹ ወይም የተመራቂዋ ነው። «ፎቶው የኔ ነው» ያለን ሰው እንግዲህ በራሱ መንገድም አልቀናውም።

ባዶ እጁን ቀረ ማለት ግን አይደለም። የሞራል መብቱ የራሱ ነው። «ይህን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ማለት ይችላል። ሥራው ስሙን በሚያጎድፍ መንገድ ሲበላሽ መቃወምም ይችላል። ሙሽሪት ፎቶዋን እንደልቧ ትለጥፍ፤ ሎጎውን ቆርጣ የሌላ ሰው ስም ስር ብታወጣው ግን ጥፋት ነው።

ስለ ሎጎ ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ፎቶ አንሺዎች የማያውቁት ነገር አለ። አዋጁ ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የአመንጪውን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው ይላል። አያቴ ቤት በቢስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። ጀርባቸውን ስትገለብጡ የፎቶ ቤቱ ማህተም ይታያል፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ዳር ዳሩ የፈዘዘ። ልጅ ሆኜ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጥግ ላይ የምናየው ዋተርማርክ የዚያ ማህተም የልጅ ልጅ ነው። ፎቶ ያበላሻል ብላችሁ የምትተዉት ካላችሁ እንደገና አስቡበት።

ጊዜውም አጭር ነው። ለደራሲ የሚሰጠው ጥበቃ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ለፎቶ ግን ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ። በ1985 የተነሳ ፎቶ በ2010 ጊዜው አልቋል። ፎቶ አንሺው በ30 ዓመቱ ያነሳውን ገና በ55 ዓመቱ፣ ቆሞ እየሄደ፣ ማንም እሱን ሳያስፈቅድ ሊያትመው ይችላል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ለፎቶ አንሺ ንፍገት ነው።

ሁለቱ መብቶች ለየብቻ መሆናቸውን ለማሳየት እኔ ሁሌ የምጠቅሰው የቀድሞውን የጀርመን መራሄ መንግሥት የቢስማርክን ታሪክ ነው። ቢስማርክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1898 ማታ ሞተ። በዚያው ሌሊት ሁለት ፎቶ አንሺዎች ለውስጥ ሰው ገንዘብ ሰጥተው በመስኮት ገቡ። አስከሬኑን አልጋው ላይ እንዳለ አነሱና ሊሸጡት ዞሩ። ቤተሰቡ ከሰሰ። ጉድ የሆነው፣ የሰው ምስል ያለ ፈቃድ አይውጣ የሚል ሕግ በጊዜው አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ፎቶው እንዲጠፋ ያዘዘው ሰዎቹ ሰብረው ገብተዋል በሚል ነው። ያ ጉድ ካስነሳው ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመን የምስል መብትን በሕግ ጻፈች። ሰው ከሞተ በኋላም ለ10 ዓመት የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል።

ዱባይና አቡዳቢ ላሉ እህቶቻችን አንድ ነገር ልበል። እዚያ ጣጣው ማንሳቱ ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤምሬቶች የሳይበር ሕግ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ግላዊነቱን በሚነካ መንገድ ፎቶ ማንሳትን ከ6 ወር በማያንስ እስራት፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የማዳምን ልጅ ከኋላ አስገብቶ ቲክቶክ መሥራት ለአንድ ደቂቃ ሳቅ ውድ ነው።

ሕጉን ሳያነቡ በደንብ የገባቸው ደግሞ ኦሞ ሸለቆ አሉ። ሙርሲዎች ፎቶ ለሚያነሳቸው ቱሪስት ዋጋ ይቆርጣሉ፤ የካሜራውን ቀጭ ቀጭ እየቆጠሩ የሚያስከፍሉም አሉ። ጎብኚው «ንግድ ሆነ» ብሎ ያጉረመርማል። ለነገሩ እሱስ ፎቶውን ምን ሊያደርገው ነው? ለማንሳት የተከፈለው ብር ፖስትካርድ ለማተም ፈቃድ አይሆንም። እዚያ ላይ ግን ማንም አይደራደርም፤ ፖስትካርዱም ሙርሲ መንደር አይደርስም።

ወደ ባነሩ ልመለስ። ስልኬ ላይ አንቀጽ 27ን አውጥቼ ለሰውዬው አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ። «እኔ እኮ ቆንጆ ስለሆነች ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ መሰላል አስመጣና እዚያው ቆመን አወረደው። እህቴ ጠቅልላ ይዛው መጣች፤ እሱ ጋ መተዉን አላመነችም። አሁን እማዬ በርበሬ ታሰጣበታለች። የእህቴን ፊት ወደ መሬት አድርጋ።