የባሮክ ሶሎ ቼሎ ምንድን ነው?

ባጭሩ በአውሮፓ ሙዚቃ ባሮክ በሚባለው ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለአንድ ቼሎ (ቁጭ ተብሎ በደጋን የሚመታ ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ) ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ ነው፣ አጃቢ የሚባል ነገር የለም። ምኑ ይገርማል ትሉ ይሆናል፣ ግን በዛን ጊዜ የቼሎ ስራ ከሃርፕሲኮርዱ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሳሪያ) ጎን ቁጭ ብሎ ቤዝ፣ ማለትም የስሩን ወፍራም ድምፅ፣ መያዝ ነበር፣ ሜሎዲው የዘፋኙና የቫዮሊኑ ነው። እና አጃቢውን ብቻውን መድረክ ላይ አውጥቶ በል ተጫወት እንደማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ነው። ዶሜኒኮ ጋብሪኤሊ የሚባል የሳን ፔትሮኒዮ ቤተክርስቲያን ቼሎ ተጫዋች በ1689 ለቼሎ ብቻ ሰባት ሪቸርካር (ያለ ዘፈን በመሳሪያ ብቻ የሚጫወት ቁራጭ) ጻፈ። ክሩም አግዟል፣ የድሮ ቼሎ ክር እንደ በገና ከበግ አንጀት ነው የሚሰራው፣ ወፍራሙ ክር ደግሞ ከመወፈሩ የተነሳ ድምፁ ቶሎ አይወጣም ነበር፣ በዛው ሰሞን አንጀቱ ላይ ቀጭን ሽቦ መጠምጠም ሲጀመር ክሩ ቀጠነ፣ ቤዙም ጠራ፣ ከዛ በኋላ ፈጠን ያለ ነገር መጫወት ይቻላል።

አብዛኛው ሰው ግን የሚያውቀው ጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ባህን ነው፣ ስድስቱ የቼሎ ስዊቶች (ስዊት ማለት ተከታትለው የሚጫወቱ ቁራጮች ስብስብ ነው)። በ1720 አካባቢ ጀርመን ኮተን ከተማ እያለ እንደጻፋቸው ይገመታል። እያንዳንዱ በፕሪሉድ (በመግቢያ ቁራጭ) ይከፈትና ከዛ አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ እያለ በዢግ ያልቃል፣ ከፕሪሉዱ በቀር ሁሉም የዳንስ ስሞች ናቸው ግን ማንም አይደንስባቸውም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዴት ሙሉ ይሆናል? የአንደኛውን ስዊት ፕሪሉድ ስሙት። መጀመሪያው ባር (ሙዚቃው በምት የሚከፈልበት አንዱ ክፍል) ላይ 16 ኖታ አለ፣ ከስር ያለችው ጂ የምትባለው ኖታ የምትነካው ሁለቴ ብቻ ነው፣ ደጋኑ ወዲያው ትቷት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጆሮ ግን አይለቃትም፣ ቤዝ ሆና እየቆየች ትመስለዋለች። እስከ አራተኛው ባር ድረስ ከላይ ኮርዱ (አብረው የሚሄዱ ኖታዎች) ሲቀያየር እሷ ከስር እንዳለች ናት። ስለዚህ ሦስት ሰው የሚጫወት ይመስላል፣ ግማሹን ስራ የሚሰራው ግን ሰሚው ነው! በኔ ግምት የዚህ ሙዚቃ ሙሉ ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። የአምስተኛው ስዊት ሳራባንድ ደግሞ ባሰበት፣ አንድ ኮርድ እንኳን የለውም፣ ነጠላ ነጠላ ኖታ ብቻ።

ባህ በእጁ የጻፈው ኦርጅናል ጠፍቷል። ያለው ኮፒ ነው፣ አንዱን ሚስቱ አና ማግዳሌና ገልብጣዋለች፣ የትኞቹ ኖታዎች በአንድ ደጋን እንደሚያዙ ያደረገችው ምልክት ግን ብዙ ቦታ ግልጽ አይደለም፣ ለዛ ነው ሁለት ቼሊስት አንድ አይነት የማይጫወተው (ጥሩ ሆነ ባይ ነኝ)። ስፔናዊው ቼሊስት ፓብሎ ካዛልስ ደግሞ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ አንድ የድሮ ኖታ መሸጫ ሱቅ ገብቶ የታተመውን አገኘና ከ1936 እስከ 1939 ስድስቱንም ቀዳቸው፣ በሰፊው የታወቁት በሱ ነው።

ስድስተኛው ባለ አምስት ክር መሳሪያ ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ ዛሬ ባለ አራቱ ላይ ሲጫወቱት ያስለቅሳል። ለጀማሪ ሰሚ ሦስተኛውን እመክራለሁ፣ ገና ሲከፈት ሲ ስኬልን (ከሲ እስከ ሲ በተራ የሚሄዱትን ኖታዎች) ከላይ እያንደረደረ አውርዶ ቼሎው ያለው የመጨረሻው ወፍራም ክር ላይ ነው የሚጥላችሁ።