አንቱታ ምንድን ነው?

አንቱታ አንድን ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ሲቻል «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ማለት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ሥራው ግን ሰፊ ነው። ጅማ ሂርማታ መርካቶ ገበያ ላይ አንድ ገዢ ጎልማሳውን ቡና ነጋዴ «ኪሎውን ስንት ትለዋለህ?» ቢለውም፣ «ስንት ይሉታል?» ቢለውም የጠየቀው ያንኑ ዋጋ ነው። ነጋዴው ግን ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ይህ ሰው እኔን የት አስቀመጠኝ የሚለውን መዝኖ ጨርሷል።

አማርኛ በዚህ ነገር መሸሸጊያ አይሰጥም። ተውላጠ ስሙን ብንተወው እንኳ ግሱ ያጋልጠናል፦ ና፣ ነይ፣ ይምጡ። አክብሮቱ ከብዙ ቁጥር የተወሰደ ስለሆነ «መጡ» ሲባል ብዙ ሰዎች ይሁኑ አንድ የተከበሩ ሰው የሚለየው ከወሬው ነው። በሌለ ሰው ላይም ይሠራል። «አባትሽ ምን አለ?» እና «አባትሽ ምን አሉ?» በልጅቷ ጆሮ አንድ አይደሉም። እንደ እኔ ከሆነ፣ ሰውየው በሌለበት የሚደረግ አንቱታ ፊት ለፊት ከሚደረገው ይበልጥ ይታመናል፤ ጥቅም አይፈለግበትማ።

ጅማ ላይ ደግሞ ጉዳዩ በሁለት ቋንቋ ነው የሚካሄደው። በኦሮምኛ እኩያውን «አካም ጅርታ» የሚል ሰው፣ ለሚያከብረው ትልቅ ሰው እንደ ብዙ ሰው ቆጥሮ «አካም ጅርቱ» ይላል። ከሌላ አገር የመጣ አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚለምደው የነጠላውን ነውና በዕድሜ የገፉ ሐጂን «አካም ጅርታ» ቢላቸው ስቀው ያልፉታል፤ ገና እየተማረ ነው። ያው ሰው በአማርኛ «እንዴት ነህ?» ቢላቸው ግን አይስቁም። በተቃራኒውም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ የገጠር ሰው ቢሮ ገብቶ ኃላፊውን «አንተ» ሲል፣ ስህተቱ የሰዋስው ሆኖ ሳለ ኃላፊው የጠባይ ያደርገዋል። አንቱታ ላይ የሚነሳው ቅያሜ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፦ ቋንቋ ያልሞላለትን ሰው ባለጌ ነው ብሎ መፍረድ።

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በመሰል የአውሮፓ ቋንቋዎች ያለውን አንቱታ በሁለት ነገሮች ይተነትኑታል፤ በሥልጣንና በቅርበት። ሥልጣን ሲገዛ ታላቁ «አንተ» ይላል፣ ታናሹ «አንቱ» ብሎ ይመልሳል። ቅርበት ሲገዛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይባባላሉ፤ ወይ «አንተ» ለ«አንተ»፣ ወይ «አንቱ» ለ«አንቱ»። በአውሮፓ ቅርበቱ ሥልጣኑን እያሸነፈ መምጣቱንም ጽፈዋል።

እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ። አባቱን «አንቱ»፣ እናቱን «አንቺ» የሚል ልጅ ስንት አለ! እናቱን ንቋት አይደለም፤ ቀርባው ነው። ከዚህም የሚገርመው ንጉሥን በ«አንተ» መጥራት የማይታሰብ በነበረበት አገር፣ ጸሎት ላይ ፈጣሪን የምንጠራው «አንተ» ብለን መሆኑ ነው። ስለዚህ «አንተ»ን በጅምላ የንቀት ቃል ማድረግ አያስኬድም።

አንቱታም ሁልጊዜ ክብር አይደለም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ባጃጅ ውስጥ ገብታ ወጣቱ ሹፌር «የት ልውሰድዎት?» ቢላት «አንቱ አትበለኝ፣ አሮጊት አደረግኸኝ እኮ» ልትል ትችላለች። የኖረ ጓደኛ ድንገት «እርስዎ» ካለ ደግሞ ወይ እያሾፈ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። በሌላ በኩል ስመ ጥር ሰውን «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለ ነጋዴ» እንላለን፤ ተውላጠ ስሙ ራሱ ማዕረግ ሆኗል።

መምረጥ ሲከብድ ሰው መሸሻ ያበጃል። ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» የሚለው ሰው ሹፌሩን አንተም አንቱም አላለውም። ቡና ቤት «ማኪያቶ ይምጣ?» ይባላል፤ ማን እንደሚጠጣው ግሱ አይናገርም። ሌላው መንገድ የዝምድና መጠሪያ ነው፦ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ ወንድሜ፣ እህቴ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በል» ማንንም አያስቀይምም፤ «ወንድሜ»ን ካነሱለት ግን ያው ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ይሆናል።

በጅማ ይህ ከጨዋነት ወግ አልፎ የሥራ ጉዳይ የሚሆነው ሕክምና ላይ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎቹ ወደ ነዋሪው ወጥተው ጤናውን ይጠይቃሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ። ተማሪው ከየትም የአገሪቱ ክፍል ሊመጣ ይችላል። አንዲትን አዛውንት «እማማ፣ መቼ ጀመረሽ?» ቢላቸው እንደ ልጃቸው ሊያዩት ይችላሉ። ያለ «እማማ» ደረቅ አድርጎ «መቼ ጀመረሽ?» ካለ ግን መልሱ ሊያጥር ይችላል፤ ያጠረ መልስ ደግሞ ለሐኪም አይበጅም። ተማሪው ኦሮምኛ ካልቻለ መሃል ላይ አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚዋ ነርስ የአካባቢው ልጅ ከሆነች የተማሪውን «ጀመረሽ» በኦሮምኛው አንቱታ ለውጣ ታቀርበዋለች፤ ያለዚያ አዛውንቷን አፍ አውጥታ መጠየቅ አይሆንላትም። አዛውንቷም ይህ ልጅ ጨዋ ነው ብለው በዝርዝር ያወሩለታል። ተማሪው ጨዋነቱን ከነርሷ እንደተበደረ አያውቅም።