ከኮንስትራክተር እስከ ዳታቤዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ ያለ አንድ የመጻሕፍት መደብር በድረ ገጽ ትዕዛዝ ይቀበላል እንበል። ስም፣ ስልክ፣ ዋጋ እና መረከቢያ ቀን ከደንበኛው ይመጣሉ፤ ፕሮግራመሩ «ትዕዛዝ» ለሚባለው ክላስ (የትዕዛዝን ቅርጽ ለሚወስነው ኮድ) ኮንስትራክተር፣ ማለትም ከክላሱ አንድ ኦብጀክት ለሚፈጥረው ክፍል ያቀብላቸዋል፤ ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ መገኘት አለበት። መንገዱ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይስትበታል።

«ኦብጀክቱ ከተፈጠረ ተመዝግቧል»

አልተመዘገበም። ኮንስትራክተሩ እሴቶቹን ሜሞሪ ላይ ብቻ ይይዛል። በጃንጎ (የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) ዳታቤዙ የሚሰጠው አይዲ (መለያ ቁጥር) ሴቭ የሚባለው የማስቀመጫ ተግባር እስኪጠራ ድረስ ባዶ ነው፤ ስትጠራጠሩ መጀመሪያ እሱን እዩ። ፓይተንን ከዳታቤዝ በሚያገናኘው ኤስኪውኤል አልኬሚ ደግሞ ሴሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር የሚደረገው የሥራ ክፍለ ጊዜ) ላይ አድ ማለት አይበቃም፤ ኢንሰርቱ (ረድፍ የመጨመር ጥያቄው) ተልኮ እንኳ ኮሚት ካልተደረገ፣ ማለትም ለውጡ ካልጸደቀ፣ ሴሽኑ ሲዘጋ ይሰረዛል። «ተመዝግቧል» ብሎ አሳይቶ ገጹ ሲታደስ የሚጠፋ ትዕዛዝ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ኮሚቱን ፈልጉ።

«ዓይነቱንና ርዝመቱን ሞዴሉ ራሱ ይፈትሻል»

የጃንጎ ሞዴል (ከዳታቤዝ ሰንጠረዥ ጋር የተያያዘው ክላስ) ኮንስትራክተርም ሆነ ሴቭ፣ ፉል ክሊን የተባለውን እሴቶችን የሚፈትሽ ተግባር አይጠሩም። ዋጋው በጽሑፍ መልክ «450» ሆኖ ቢገባ ያልፋል፤ ከሴቭ በኋላም እጃችሁ ላይ ያለው ኦብጀክት ጽሑፉን እንደያዘ ነው። ለሁለት ቅጂ በ2 ስታባዙት 900 መሆኑ ይቀርና 450450 ይወጣል። ርዝመትም እንዲሁ ነው፦ ለ20 ፊደል በተወሰነ መስክ ላይ እስከ አያት የተጻፈ ረጅም ስም ላፕቶፑ ላይ ባለው ኤስኪውላይት በተባለ ዳታቤዝ ዝም ብሎ ይገባል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ግን አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ከሴቭ በፊት ፉል ክሊንን መጥራት አትርሱ፤ ስትሠሩም ሰርቨሩ ላይ ያለውን ዓይነት ዳታቤዝ ተጠቀሙ።

«ቀኑን በሦስት ቁጥር ማቀበል ይበቃል»

እኛን በተለይ የሚጎዳን ይህ ነው። ደንበኛው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ብሎ ሲሞላ 2017፣ 2፣ 5 ወደ ፓይተን የቀን ክላስ ከገባ፣ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ሆኖ ይመዘገባል። ትክክለኛው ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነበር። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። በ2017 ኮዱ ስህተት ብሎ የሚጮኸው ጥቅምት 29 እና 30 ላይ (የ2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው)፣ ከዚያም ጳጉሜን ላይ (13ኛ ወር ስለሌለ) ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ቀን የሞከረ ሁሉ «ይሠራል» ብሎ ያልፋል። ኮንስትራክተሩ ከመጠራቱ በፊት ወደ ጎርጎርዮሳዊ ለውጡት፤ ዳታቤዙ ውስጥ እሱ ይቀመጥ፤ ለደንበኛው ስታሳዩ ወደኛው መልሱት።

«የመጣውን ጄሰን እንዳለ ማቀበል ሥራ ያቀላል»

ጄሰን ከደንበኛው የሚመጣው፣ የመስክ ስሞችንና እሴቶቻቸውን የያዘ ጽሑፍ ነው። «ተከፍሏል» የሚል መስክ ሞዴሉ ላይ ካለ ማንም ጨምሮ ይልከዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የራሱን የመግቢያ ቁልፍ ሬይልስ ወደተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮጀክት ያስገባው በዚሁ ዓይነት ክፍተት ነው። የሚፈቀዱትን መስኮች አንድ በአንድ ጥቀሱ።

«ትዕዛዙ መኖር አለመኖሩን አይቶ ማስቀመጥ ድግግሞሽን ይከለክላል»

ኔትወርኩ ሲጎተት ደንበኛው «ላክ»ን ሁለቴ ይጫናል። ሁለቱም ጥያቄዎች «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይጽፋሉ። ገጹ ሲከፈት ለትዕዛዙ አንድ ቁጥር ስጡት፤ ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ (የማይደገም) አድርጉት፤ ሁለተኛው ጥያቄ ተቀባይነት አጥቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ አሳዩ።