ዲከረንስ በአዊ፦ ከጤፍ ጋር የሚተከለው የከሰል ዛፍ

አካሲያ ዲከረንስ፣ ገበሬው ባጭሩ ዲከረንስ የሚለው፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በግል ማሳ ላይ በስፋት ይለማል። የአካባቢው አፈር ዝናብ የሚያጥበው ቀይና አሲዳማ መሬት ነው። ያለ ኖራና ያለ ማዳበሪያ ጤፍም ገብስም ብዙ አይሰጥበትም። ዛፉ በገበሬው ዘንድ የተወደደው በፍጥነት ስለሚያድግ ብቻ አይደለም፤ የእህል እርሻውን ሳያፈናቅል ከዘሩ ወቅት ጋር ገጥሞ ስለሚሄድም ነው።

ሥራው ከዘሩ ይጀምራል። የዲከረንስ ዘር ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ወራት ይቆያል፤ የሚበቅለውም ጥቂቱ ነው። የፈላ ውኃ ከእሳት አውርደው ዘሩ ላይ ያፈሱበታል፤ ውኃው እስኪቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ማግስቱ፣ እዚያው ይቆያል። ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ተለይቶ እንደገና የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ዘሩን ከውኃው ጋር እሳት ላይ መቀቀል ግን ፅንሱን ይገድለዋል። በጥር ወይም በየካቲት መደብ ላይ የተዘራ ችግኝ ሐምሌ ላይ ለተከላ ይደርሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ ውኃ ማጠጣቱ እየቀነሰ፣ ጥላው እየተነሣ ችግኙ ፀሐይ መልመድ አለበት። ይህ የተዘለለበት ችግኝ ማሳ ላይ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል።

ተከላው የሚውለው ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን ነው። ለጤፉ የታረሰው መሬት ለችግኙም ስለሚያገለግል የተለየ የዝግጅት ጉልበት አይጠይቅም። 1 ሜትር በ1 ሜትር ቢተከል ሩብ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይይዛል፤ ብዙዎች ከዚህም አቀራርበው ይተክላሉ። የጤፉ አረም ሲታረም ችግኙም አብሮ ይታረማል። ከአጨዳ በኋላ ግን ከብት ወደ ማሳው መግባት የለበትም። ቃርሚያ ፍለጋ የገባ መንጋ የችግኙን ቅጠል ባይበላው እንኳ በኮቴው ይሰብረዋል። በሁለተኛው ዓመት ጥላው ስለሚከብድ እህል አይዘራም፤ በዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይሰጣል ወይም ይሸጣል። የታችኛው ቅርንጫፍ እየተመለመለ ማገዶ ይሆናል። ቅርፊቱ ቆዳ ለማልፋት የሚጠቅም ታኒን ሲኖረው፣ ቅጠሉ ግን ለመኖ ደካማ ነው።

ዛፉ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ይቆረጣል። ከጉቶው እምብዛም ስለማያቆጠቁጥ መሬቱ ታርሶ ጤፉም ችግኙም እንደ አዲስ ይገባል። እንጨቱ እዚያው ማሳው ላይ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ይከሰላል። እርጥብ እንጨት ጊዜም ከሰልም ይበላል። ጭሱ መጀመሪያ ወፍራምና ነጭ ነው፤ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ በሽፋኑ ላይ የተተዉት የአየር ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሽፋኑ በአንድ ቦታ ከተሰነጠቀና ሳይታይ ካደረ ክምሩ አመድ ይሆናል። በዚህ ዓይነቱ የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ አይበልጥም። የብረት ጭስ ማውጫ ያለው የተሻሻለ ክምር ከዚህ የተሻለ ይሰጣል።

አፈሩን በተመለከተ ብዙ የተጋነነ ነገር ይባላል። ዲከረንስ በሥሩ እባጮች ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፤ ረግፎ የሚበሰብሰው ቅጠልም አፈሩን ያለሰልሳል። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ አመዱ አሲዱን ስለሚያበርድ በቀጣዩ ዓመት የሚበቅለው ጤፍ ከሩቅ ይለያል። ይሁን እንጂ ግንዱ በወጣ ቁጥር ካልሲየምና ፖታሲየም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ዛፉ የኖራን ቦታ አይተካም፤ አመዱንም አንድ ቦታ ከመተው ማሳው ላይ መበተን ይሻላል።

ትልቁ አደጋ ዋግ ነው። ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የተባለ ፈንገስ ቅጠሉንና ለጋ ቀንበጡን ይይዛል፤ ቡናማ ዱቄት ያወጣል፣ ቅጠል ያረግፋል፣ ችግኝ ይገድላል። ብናኙ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ይዛመታል። ማሳ ከማሳ ተያይዞ አንድ ዓይነት ዛፍ በተጠጋጋ ረድፍ በቆመበት አገር በሽታውን የሚያቆመው ነገር የለም። የታመመ ችግኝ ከአንዱ ችግኝ ጣቢያ ወደ ሌላ ቀበሌ ሲጓጓዝ ደግሞ በሽታውም አብሮ ይጓዛል፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ነጠብጣብ የታየበት መደብ ርካሽ ቢሆንም መገዛት የለበትም።

ሁሉንም መሬት ለዲከረንስ ከመስጠት ማሳውን መከፋፈል ይበጃል። በድንበሩ ላይ ትሪ ሉሰርን ለመኖ ይሆናል፤ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ግን አይወድም። በማሳው መካከል ዋንዛን 10 ሜትርና ከዚያ በላይ አራርቆ መተው ለጣውላ ያገለግላል፤ ብሳናም ቅጠሉ ቶሎ ስለሚበሰብስ ለአፈሩ ደግ ነው። የዲከረንሱም ተከላ በየዓመቱ በቁራጭ ቢሆን፣ ለምሳሌ መሬቱ በአምስት ተከፍሎ በየክረምቱ አንዱ ቢተከል፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ጤፍም ሣርም ከሰልም በአንድ ዓመት ውስጥ ይገኛል፤ በሽታ ቢገባም በጣም የሚጎዳው ለጋው ቁራጭ ይሆናል።