በቅሎ ለምን አይወልድም? ስለ ወንድ ዘር አሠራር የምንሳሳታቸው ነገሮች

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። ተረቱ የሚወጋው በትውልዱ የሚያፍረውን ሰው ነው፤ ዝምድናውን ግን አልሳተም። የበቅሎ እናት ባዝራ፣ አባቱ አህያ ነው፤ ፈረስ አጎቱ መሆኑ እውነት ነው።

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ሚዮሲስ (ዘርና እንቁላል የሚሠራበት፣ የክሮሞሶምን ቁጥር በግማሽ የሚቀንስ የህዋስ ክፍፍል) የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከሰሌዳው ሥዕል በፊት በቅሎን አነሣለሁ። በደባርቅ በኩል የመጣ ተማሪ የስሜን ተራራ ጎብኚዎችን ጓዝ የሚጭን በቅሎ እያየ ያደገ ስለሆነ፣ ክሮሞሶምን፣ ማለትም በህዋስ ውስጥ ያለውን የውርስ መረጃ የሚሸከም ክር፣ ባያውቅ በቅሎን ያውቃል። የተሳሳተው አስተያየትም ወዲያው መጉረፍ ይጀምራል።

«በቅሎ የማይወልደው ተረግሞ ነው።» ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፤ አህያ 62። ዘር ሲሠራ ቁጥሩ በግማሽ ስለሚቀነስ ከባዝራዋ 32፣ ከአህያው 31 ይመጣና በቅሎ 63 ይዞ ይወለዳል። ለዕለት ኑሮው ይህ ምንም አይጎዳውም። ሥጋውና አጥንቱ የሚያድጉት በተራ ክፍፍል ነው፤ ያ ክፍፍል ያለውን ብቻ ይገለብጣል እንጂ ጥንድ አይፈልግም። ችግሩ ያለው ቆለጡ ውስጥ ነው። በሚዮሲስ ጊዜ ከእናት የመጣው እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን መተኛት አለበት። የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች ደግሞ በትክክል አይገጥሙም፤ ህዋሶቹ መንገድ ላይ ቆመው ይሞታሉ። የወንድ በቅሎ ፍላጎት ግን አልጠፋም፤ ሆርሞኑ እንደ ድንጉላ ይሠራል፤ ባለቤቶቹ የሚያኮላሹትም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያነሣና «63 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ነዋ!» ይላል። ይህኛው ስህተት ከእርግማኑ ይልቅ ያስቸግረኛል፤ ትምህርት ይመስላልና። የሞንጎሊያው የዱር ፈረስ፣ ፕርዜቫልስኪ የሚባለው፣ 66 ክሮሞሶም አለው። ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀል 65 ያለው ውርንጭላ ይወለዳል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፣ ግን ይራባል። ሁለቱ ፈረሶች የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው ክሮሞሶሞቻቸው አሁንም ይተዋወቃሉ። እንግዲህ ቁልፉ ቁጥሩ ሳይሆን መግጠሙ ነው። ሴት በቅሎ እንኳ እጅግ አልፎ አልፎ ወልዳ ታውቃለች፤ ሞሮኮ ውስጥ ተመዝግቧል።

«ሴት ሴት የምትወልደው ሚስቲቱ ናት።» በዚህ ምክንያት የተፈታች ሴት የማያውቅ ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞሶም ነው የሚይዘው፤ ሌላ የላትም። አባት ግን ኤክስና ዋይ አለው። እነዚህ ሁለቱ በመጠን ባይመሳሰሉም በሚዮሲስ ጊዜ ጫፍና ጫፋቸውን አጋጥመው ይጣመራሉ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ክፍፍል ይለያያሉ። ከአንድ ህዋስ ከሚወጡት አራት ዘሮች ሁለቱ ኤክስ፣ ሁለቱ ዋይ ይይዛሉ፤ ኤክስ የያዘው ሴት ልጅ፣ ዋይ የያዘው ወንድ ልጅ ያስገኛል።

ይህን ስናገር ከክፍሉ አንዷ «እንግዲያው ጥፋተኛው ባልየው ነው!» ማለቷ አይቀርም። እሱም አይደለም። የትኛው ዘር ቀድሞ እንደሚደርስ ማንም ወንድ አላዘዘም። ሦስት ሴት ልጆች ያሉት ቤት አራተኛው ልጅ ወንድ የመሆን ዕድሉ ያው ግማሽ ገደማ ነው፤ ያለፉት ልደቶች ለሚመጣው ዕዳ አያስከፍሉም። ሚስት እየጠራ መውቀስ የሚወድ ሰው ከፈለገ ዶሮ ያርባ፤ በዶሮ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው በእርግጥም እናቲቱ ናት።

«የአንድ ሰው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ እንጀራ ለሁለት የተቆረሰ ግማሽ ነው።» ግማሹ የትም ተቆርሶ የሚወሰድ ግማሽ አይደለም። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ እያንዳንዱ ዘር ከየጥንዱ አንድ አንድ ይወስዳል፣ የትኛውን እንደሚወስድ ግን በየጥንዱ ለብቻው ይወሰናል። ይህ ብቻ 8,388,608 ዓይነት ቅንብር ይሰጣል። በዚያ ላይ ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ቁራጭ በቁራጭ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንድ ዘር ውስጥ ያለ ክሮሞሶም ከፊሉ የወንድ አያት፣ ከፊሉ የሴት አያት ሊሆን ይችላል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው፤ ለሐሜት አይቸኮል።

«ዘር በፈለጉት ጊዜ ወዲያው ይመረታል።» በሰው ከመነሻው ህዋስ እስከ ጅራት ያለው ዘር ድረስ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በኮርማ 61። በሚዮሲሱ ውስጥ ረጅሙ ያ የመጣመርና የመለዋወጥ ጊዜ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ክፍፍል ግን በሰዓታት ያልቃል። ዘሩ ከቆለጥ ከወጣም በኋላ ለመብሰል ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። በኃይለኛ ትኩሳት የታመመ ሰው ወይም የፎገራ ኮርማ ጉዳቱ የሚታየው በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐኪም የዘር ምርመራው ከጊዜ በኋላ እንዲደገም ሲያዝዝ ገንዘብ ሊበላ አይደለም።

«ወንድ አያረጅም።» ሴት ሚዮሲስን የጀመረችው ከመወለዷ በፊት ነው፤ ወንድ በጉርምስና ይጀምርና እስከ እርጅና ይቀጥላል፤ እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን መነሻ ህዋሶቹ በየ16 ቀኑ ገደማ እየተገለበጡ ነው የሚኖሩት፤ ብዙ የገለበጠ ጸሐፊ ብዙ ይስታል። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምር ለልጁ የሚተላለፈው አዲስ ሚውቴሽን (በውርስ መረጃው ላይ የሚደርስ የግልበጣ ስህተት) በአማካይ በአንድ ወይም በሁለት ይጨምራል። አብዛኛው ጉዳት የለውም።

«ወንድ ሁሉ በሚዮሲስ ነው ዘር የሚሠራው።» የማር አገር ሰው ይህን ቢስት ያሳዝናል። በነገራችን ላይ «አውራ» የምንላት ንብ ራሷ ሴት ናት። ድንጉላው፣ ማለትም ወንዱ፣ ንብ የሚፈለፈለው ካልዳበረ እንቁላል ነው፤ ሠራተኛዋ ንብ 32 ክሮሞሶም ሲኖራት እሱ 16 ብቻ አለው። የሚቀንሰው ግማሽ ስለሌለ ዘሩን የሚሠራው ቁጥሩን ሳይቀንስ ነው፤ ዘሮቹም በሙሉ ያንኑ 16 ይዘው ይወጣሉ። በቅሎ አባቱን ሲጠይቁት አጎቱን ይጠራል፤ ድንጉላ ንብ ግን አባት የለውም፣ ቢጠየቅ የሚጠራው የእናቱን አባት ብቻ ነው።