«ያንሳል» ካለ መቀነስ ነው? በልኬት የቃላት ፕሮብሌም ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ማባዛትና ማካፈል የማያቅታቸው ልጆች የልኬት የቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ ይደናገጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ስሌቱ አይደለም፤ በቀላሉ አምነው የያዙት ነገር ነው።

«"ያንሳል" የሚል ቃል ካየህ ቀንስ»

ይህን ምክር ወላጆችም አስጠኚዎችም እንሰጣለን። እስቲ ይህን እዩት፦ ቀዩ ገመድ 8 ሜትር ነው። ከሰማያዊው በ3 ሜትር ያንሳል። ሰማያዊው ስንት ሜትር ነው? ቃሏን ብቻ ያየ ልጅ 5 ይላል። መልሱ 11 ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ገመዶች በመስመር ይሣላቸው። የቱ እንደሚረዝም ያኔ ይታየዋል።

«1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው»

እንደዚህ ስህተት የሚያስቸግረኝ የለም። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው፤ ሴራሚኩ 40 ሴንቲ ሜትር በ40። ስንት ሴራሚክ ይፈጃል? አንዷ ተማሪዬ 12 ካሬ ሜትሩን በ100 አባዝታ 1,200 አገኘች። የአንዱ ሴራሚክ ስፋት ደግሞ 1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሴራሚክ ክፍሉን ሸፍኖ ይተርፋል ማለት ነው!

ደብተሩን ዘግተን ጠመኔ ያዝን። በረንዳው ላይ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ሣልን። ጥጉ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታክል፣ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር። «ይቺ ወደ ጎን 100 ጊዜ ትደረደራለች። እንደዚህ ያለ ረድፍ ስንት አለ?» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችና «100 ረድፍ... 10,000 ነዋ!» አለች። ስለዚህ 12 ካሬ ሜትሩ በ10,000 ሲባዛ 120,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ1,600 ሲካፈል 75 ሴራሚክ። በ3 ሜትሩ በኩል የሚገባው 7 ተኩል ስለሆነ ግን መቁረጥ አይቀርም። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ለሚሰበረው ጥቂት ጨምሩ የሚለውም ለዚህ ነው።

ይዘትም ላይ ያው ነው፤ 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ይይዛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ማለት ነው።

«5.5 ሰዓት ማለት 5 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው»

ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5.5 ሰዓት ይወስድበታል። ነጥብ 5 የሰዓቱ ግማሽ ነው፤ 30 ደቂቃ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመናኸሪያ ቢወጣስ? «17 ሰዓት ተኩል» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። ድምሩ ልክ ነው። የእኛ ሰዓት ግን 12 ላይ ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

«ቁጥሩ ልክ ከሆነ መለኪያው ባይጻፍም ግድ የለም»

የሀዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄዳችሁ «ሦስት ስጠኝ» በሉት ዓሣ ሻጩን። ሦስት ኪሎ ነው ወይስ ሦስት ፍሬ ብሎ ይጠይቃችኋል።