ወተት ከፈላ በኋላም የሚቀረው ነገር

ወተት ውስጥ ስለሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በተነሳ ቁጥር «አፍልቼዋለሁ እኮ፣ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ሲመላለስ ስላየሁ አንዴ ላስረዳ። ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። እንደ ሳልሞኔላ ያሉት ባክቴሪያዎች ወተቱ ተንተክትኮ ሲፈላ አለቀላቸው። አፍላቶክሲን ግን ባክቴሪያ አይደለም፣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ሕይወት የሌለውን ደግሞ ከየት አምጥተህ ትገድለዋለህ?

ላሟ የሻገተ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) በላች እንበል። መርዙ ጉበቷ ውስጥ ተቀይሮ አፍላቶክሲን ኤም1 የሚባለው ይሆንና ወደ ወተቱ ይገባል፤ እናንተ ብታፈሉት፣ እርጎ ብታደርጉት፣ አይብ ብታወጡበትም አብዛኛው እዚያው ነው። በማሽተትም በመቅመስም አይለይም፣ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ደግነቱ መኖዋ ሲቀየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወተቷ ይቀንሳል።

እስካሁን ያልኩት የትም አገር ያው ነው። የሚለያየው በወተት ውስጥ የሚፈቀደው የኤም1 መጠን ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት በኪሎ ወተት 0.05 ማይክሮግራም፣ በአሜሪካ 0.5። አዎ፣ አሥር እጥፍ! ስለዚህ «ከገደብ በላይ ተገኘ» የሚል ዜና ስታነቡ መጀመሪያ የማን ገደብ እንደሆነ እዩ። ማፍላቱን ግን እንዳትተዉት፣ ጥሬ ወተት የራሱ ጣጣ አለው።